በሌስተር ፔንጌሊ ገንዘብ የተቀመጠችው ወፍ

በየአገሩና በየመንደሩ፣ ግብር የሚከፍለው እሱ ብቻ የሆነ አንድ ሰው አለ። ሌሎቻችን በነፃ ነው የምንኖረው። መንገዱን ያሠራው እሱ ነው፤ ድልድዩን ያቆመው እሱ ነው፤ የፖሊሱን ጫማ የገዛው፣ የትምህርት ቤቱን ደወል ያንጠለጠለው እሱ ነው። እኛ ማለዳ ተነሥተን በእሱ መንገድ እንሄዳለን፤ ሲመሽ በእሱ አምፖል ይበራልናል፤ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳንለው እንተኛለን። የእናንተም መንደር እንዲህ ያለ ሰው አያጣም። የእኛ የዋይሁሩው ክቡር ግብር ከፋይ ሌስተር ፔንጌሊ ይባላል፤ ዕጣ ፈንታዬ ሆኖ ሃያ ዓመት ሙሉ አጥር ተጋርቼዋለሁ።

ሌስተር ቁመቱ አጠር፣ ትከሻው ሰፋ ያለ፣ ጎማ ሲፈታና ሲያስር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ክረምት ከበጋ ቁምጣ ነው የሚለብሰው፤ በመንደሩ ከፊቱ ይልቅ ጉልበቱ ይታወቃል። ንግግሩ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ይጀምራል፦ «ማን ከፈለው?» ጠያቂውም መላሹም ራሱ ነው። ጣቱን ወደ ደረቱ ይቀስርና «እኔ ነኝ የከፈልኩት» ይላል። በጥያቄውና በመልሱ መካከል አንድ ቃል ጣልቃ ያስገባ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

የወረዳው ምክር ቤት የባሕር ዳሩን የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ያሳደሰ ጊዜ ሌስተር ለቀናት ሲቆጣ ሰነበተ። ከዚያ አንድ ጠዋት ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደዚያው ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ቀርቶ አያውቅም። ሚስቱ ኖሪን ጨዋታ አዋቂ ሴት ናት። «ቤታችን ሁለት መጸዳጃ አለ፤ ሌስተር ግን ወለዱን ሊቀበል ይወርዳል» ትላለች።

ከፍጥነት በላይ ሲነዳ ፖሊስ ያስቆመው ቀን እኔ አብሬው ነበርኩ። ፖሊሱ መስኮቱ ጋ ሳይደርስ ሌስተር ወርዶ ከፖሊሱ መኪና የፊት ጎማ ሥር ተንበረከከ። «ይኼ በእኔ ገንዘብ የተገዛ ጎማ ነው» አለ። «አየሩ ጎድሏል። ጎኑን ልታስበላው ነው እንዴ?» ፖሊሱ ግራ ገባውና ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያም እስከ ሌስተር ግቢ ተከትሎን መጣ፤ ጎማው ተነፋለት፤ ምክርም ተጨመረለት። ቅጣቱ ትዝ ያለው ከመንደራችን ከወጣ በኋላ ይመስለኛል።

የቤቱ ጭስ ማውጫ እሳት የያዘ ለታም እንዲሁ ነው። የመንደሩ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች፣ ማለትም ዳቦ ጋጋሪያችን፣ መምህራችንና አንድ ሁለት ከብት አርቢዎች፣ ሥራቸውን ጥለው ቱቦ እየጎተቱ ጣሪያው ላይ ወጡ። ሌስተር ከታች ሆኖ «ቀንሱት እንጂ፤ ውኃው በነፃ የመጣ መሰላችሁ?» ይላቸዋል። ጣሪያው ይነዳል፣ እሱ ቆጣሪ ያያል።

እንግዲህ ታራ ኢቲ የወደቀችው በእንዲህ ያለ ሰው እጅ ነው።

ታራ ኢቲ ከጭብጥ ብዙም የማትበልጥ፣ ጥቁር ቆብ የደፋች፣ ብርቱካን ምንቃር ያላት ነጭ የባሕር ወፍ ናት። በዓለም ላይ የቀሩትን ሁሉ ሰብስባችሁ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ብታሳፍሯቸው ወንበር ይተርፋል። ቤት መሥራት የሚባል ነገር አታውቅም። ባዶ አሸዋ ላይ በደረቷ ትንሽ ጎድጎድ ታደርግና እንቁላሏን እዚያው ትጥላለች፤ እንቁላሉም ቁርጥ አሸዋ ነው። ውሻ ይረግጠዋል፤ ማዕበል ይወስደዋል፤ ነፋስ ይቀብረዋል። ስለዚህ በየበጋው መንግሥትና ወረዳው ገንዘብ አዋጥተው ባሕር ዳሩን በገመድ ያጥራሉ፤ ለአይጥና ለድመት ወጥመድ ያኖራሉ፤ ጠባቂ ይቀጥራሉ።

አምና ገና ሲቃረብ፣ ሌስተር ይህን ጋዜጣ ላይ አንብቦ በአጥሩ ላይ ተንጠለጠለ።

«ይኸን አይተሃል?»

«አየሁ።»

«ቤት መሥራት የማታውቅ ወፍ። እንቁላሏን መንገድ ላይ የምትጥል። እኔ እንዲህ ያለውን ሰው ጎማ ቤቴ ለግማሽ ቀን አልቀጥርም ነበር። ዘበኛዋን ማን ይከፍላል?»

«ማን ይከፍላል?» አልኩት፤ አንዳንዴ አፌን አልገታም።

«እኔ ነኝ የምከፍለው» አለና ለቁጥጥር እንደሚወርድ አስታወቀኝ።

በማግሥቱ ታጣፊ ወንበሩን፣ ድሮ ፈረስ እሽቅድምድም ያይበት የነበረውን መነጽርና ኖሪን የሞላችለትን የሻይ ቴርሞስ ይዞ ወረደ። ወንበሩን ከገመዱ አጠገብ፣ ነገር ግን ከውጭ፣ ዘረጋ። ሕግ አክባሪ ነው፤ ሕጉንም ያስወጣው በገንዘቡ ነውና። የወፎቹ ጠባቂ ሮይማታ ትባላለች፤ የዚያው መንደር ልጅ፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከማኦሪዎች ወገን፣ ፀሐይ ያጠቆራት፣ ሳቅ የሚቀድማት ወጣት ናት።

«አጎቴ ሌስተር፣ እንደምን አደሩ። ምን እግር ጣለዎት?»

«ቁጥጥር ነው። ድርሻዬን አሳዪኝ።»

«የምን ድርሻ?»

«ከወፎቹ የእኔ የትኛዋ ናት? አርባ ዓመት ከፍዬ አንዷ እንኳ አትደርሰኝም?»

ሮይማታ ሳቋን ዋጥ አድርጋ በጣቷ ጠቆመችው። «ያቺ፣ ብቻዋን የተቀመጠችው። እሷ ትሁንልዎ።»

ያቺ፣ ብቻዋን የተቀመጠችው፣ ሲሚንቶ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታራ ኢቲ ብቸኝነት አትወድም፤ ከላይ ስታልፍ አሸዋው ላይ የወገኗን መልክ ካላየች አትወርድም። ስለዚህ ሮይማታ በክረምቱ የመንደሩን ሰው አዳራሽ ሰብስባ ከሲሚንቶ አንዲት ወፍ አሠራችን፤ ቀባናት፤ ከሥሯም የወፍ ድምፅ የሚያሰማ ትንሽ ማጉያ ተቀበረ። ሌስተር በዚያ ቀን አዳራሽ መጥቶ ነበር። ማሞቂያው ለምን እንደበራና ማን እንደሚከፍለው ጠየቀ፤ ተቆጣ፤ ወፏ ከመሠራቷ በፊት ሄደ። በዚያ ላይ ዓይኑን ሞራ ጀምሮታል። የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋ ይጠብቃል እንጂ የግል ሐኪም ዘንድ አይሄድም፤ አንዴ የከፈለበትን ሁለተኛ አይከፍልም።

የመጀመሪያው ሳምንት ሪፖርት መጥፎ ነበር። «አትሠራም» አለኝ። «ቀኑን ሙሉ አየኋት፤ ክንፏን አላነሣችም። ልክ እንደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት።» በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ቀን ያለማቋረጥ ዝናብ ጣለ። ሌስተር ጃንጥላ ዘርግቶ ተቀመጠና ማታ ቀዝቅዞ ተመለሰ፤ ፊቱ ግን ሌላ ሆኗል። «አልተነሣችም» አለ። «እኔ ሦስት ጊዜ ተነሣሁ፤ እሷ ንቅንቅ አላለችም። እንዲህ ያለ ሠራተኛ በሕይወቴ አንድ ነበረኝ፤ እሱንም የጎማ ኩባንያ ነጠቀኝ።» በሦስተኛው ሳምንት አድናቆቱ ወሰን አጣ። «ድምፅዋን ብትሰማ፤ ምንቃሯን ሳትከፍት ነው የምትዘፍነው። የተማረች ናት።»

ጠዋት ጠዋት እንደምን አደርሽ ይላታል። ለገና ትንሽ ዓሣ በገመዱ ላይ ወረወረላት፤ እሱ ሻይ ሲቀዳ አንድ የባሕር አሞራ ወሰደው። «በላችው» ብሎ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለው ዋለ። አንድ ቀን ደግሞ ሮይማታን ጠርቶ፣ ይህች ወፍ ሥራ ከጀመረች አንድም ቀን ዕረፍት ስላልወጣች ሕጉ የሚፈቅድላት ፈቃድ እንዲታሰብላት ጠየቀ። ሮይማታ ለአለቆቿ እንደምትነግር ቃል ገብታ ወደ አሸዋው ክምር ጀርባ ሄደች፤ ለጥቂት ጊዜም አልተመለሰችም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሌስተር ብቻ አያውቅም። ማንም ያልነገረው ከክፋት አይደለም። መጀመሪያ ስቀን ነው፤ ኋላ ግን ከሮይማታ ሌላ እንዲህ ያለ ዘበኛ ባሕር ዳራችን አይቶ እንደማያውቅ ስለገባን ነው። ሌስተር ባለበት ገመድ የሚሻገር ጠፋ። በአሸዋው ላይ በሞተር የሚጋልቡት ጎረምሶች ሞተራቸውን እየገፉ ያልፋሉ። ባሪ የሚባል ውሻውን ለዓመታት እዚያ እየለቀቀ የኖረ ሰው አለ፤ ሌስተር ወንበሩን እንደ ጋሻ ይዞ አስቆመው።

«ውሻህን እሰር።»

«ኧረ ሌስተር፣ ያቺ'ኮ...»

«ያቺ ምን?»

ባሪ ከሌስተር ጀርባ የቆመችውን ኖሪንን አየ። ኖሪን በእጇ የኬክ ሣጥን ይዛለች። «ያቺ... ታምራለች» አለና ውሻውን አሰረ። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ከኖሪን ምድጃ አንድ የሙዝ ኬክ ወደ ባሪ ቤት ይሄድ ነበር፤ የባሪም አፍ በዚያ ተዘጋ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የወረዳው ምክር ቤት ለሚቀጥሉት በጋዎች የወፎቹን ጥበቃ ድርሻ ይክፈል ወይስ ያቁም የሚል ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ካቆመ ገመዱም ይነሣል፣ ሮይማታም ትሰናበታለች። የምክር ቤቱ ሰዎች እኩል ለእኩል ተከፍለዋል፤ እንዲህ ሲሆን ደግሞ የአዳራሹን ሰው ዓይን ዓይን እያዩ ነው እጅ የሚያወጡት። የአዳራሹ ሰው ግማሽ ጡረተኛ ነው፤ ጡረተኛው የሚያየው ሌስተርን ነው። ሌስተር በዕድሜው «ይከፈል» ብሎ አያውቅም። ሮይማታ ግን በዚያ በጋ ተስፋ ጣለችበት። «አጎቴ ሌስተር ለሲሚንቶዋ ሲል ዝም ቢልልኝ እንኳ ይበቃኛል» አለችኝ።

ስብሰባው ሦስት ቀን ሲቀረው ከሰሜን ማዕበል መጣ። ጎሕ ሲቀድ ሌስተር መስኮቴን ሲደበድብ ነቃሁ።

«ተነሣ፤ ንብረታችን ሊወሰድ ነው።»

ወረድን። ባሕሩ አሸዋውን እየላሰ እስከ ገመዱ ደርሷል። ወፊቱ በቦታዋ አለች፤ ውኃው ሊነካት ጥቂት ቀርቶታል፣ እሷ ግን እየዘፈነች ነው። ሌስተር ለመጀመሪያ ጊዜ ገመዱን ተሻገረ። «ነይ እናቴ፣ አይዞሽ፣ አልነካሽም» እያለ በቁምጣው ተንበረከከና በሁለት እጁ አቀፋት። አቅፎም ቀረ። ክብደቷን መዘነ። ገለበጣት፤ ከሆዷ ሥር የቡሎን ቀዳዳ አለ። ቡሎን ደግሞ ሌስተር ያውቃል።

ዝም አለ። ሃያ ዓመት ጎረቤቱ ስሆን እንዲህ ያለ ዝምታ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም፤ ከማዕበሉ ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ነው። የምናገረው ነገር ስፈልግ ከእግራችን ሥር አሸዋው ጮኸብን። አንዲት ነጭ ወፍ ብድግ አለች፤ ዞረች፤ ተወርውራ መጥታ የሌስተርን ባርኔጣ በምንቃሯ ደበደበች፤ በሁለተኛው ዙር ኩሷን ጣለችበት። ይህችኛዋ ሲሚንቶ አልነበረችም። እሷ ከተነሣችበት፣ ሲሚንቶዋ ከነበረችበት አንድ እርምጃ አለፍ ብሎ፣ አሸዋ የሚመስል አንድ እንቁላል ተቀምጧል።

«አትንቀሳቀሱ» አለ ከኋላ የሮይማታ ድምፅ። እየሮጠች ነው የመጣችው። «ዛሬ ልነግርዎት ነበር አጎቴ፣ ከትናንት ወዲያ ነው የጣለችው። ሲሚንቶዋን አይታ ነው የወረደችው። አሁን ከፍ ካላደረግነው ውኃው ይወስደዋል። ከአሸዋው ከፍ የሚያደርግ፣ የማይንሸራተት ነገር እፈልጋለሁ።»

«ጎማ» አለ ሌስተር።

«ትንሽ ጎማ፣ አዎ።»

ሲሚንቶዋን እኔ እጅ ላይ ጥሎልኝ ሮጠ። በዚያ ጉልበት መሮጥ እንደሚቻል አላውቅም ነበር። ሲመለስ ትከሻው ላይ የተሸከመው የተጎታች ጋሪ ጎማ አዲስ ነው፤ የዋጋው ወረቀት እንኳ አልተላጠለትም። የሌስተር ጋራዥ እስከ ጣሪያው በአሮጌ ጎማ የተሞላ መሆኑን የማያውቅ ዋይሁሩ ውስጥ የለም።

«ምን ታፈጣለህ?» አለኝ። «አሮጌዎቹ ቀዳዳ ናቸው።»

ጎማውን አስተኝተን በአሸዋ ሞላነው፤ ሮይማታ ጎድጓዳዋን ራሷ አበጅታ እንቁላሉን እላዩ ላይ አኖረችው። ወደ ኋላ ርቀን በሆዳችን ተኛን። ወፏ ዞረች፣ ጮኸች፣ ተሳደበች፤ በመጨረሻ ጎማው ላይ ወርዳ ደረቷን ነቅነቅ አድርጋ ተቀመጠች። ውኃው መጥቶ ጎማውን ከበበው፤ ከዚያ በላይ አልወጣም። ሌስተር ባርኔጣው ላይ ያለውን እንኳ ሳይጠርግ ይመለከት ነበር።

ወደ ቤት ስንወጣ ነው አፉን የከፈተው።

«ማን ማን ያውቅ ነበር?»

«ሁሉም።»

«የማኦሪዎቹ ሽማግሌ ኮሮ ሄናሬም?»

«ሲሚንቶዋን የባረካት እሱ ነው።»

ጥቂት ተራመደ። «ኖሪንስ?»

«ምንቃሯን የቀባችው እሷ ናት» አልኩት፤ ሰው ላለመዋሸት የሚመርጠው ጊዜ አለ፣ እኔ የመረጥኩት ያን ጊዜ ነው። ገባና በሩን ዘጋው።

በማግሥቱ ወንበሩ ባሕር ዳር አልታየም። በሁለተኛውም ቀን አልታየም። መጸዳጃ ቤቱ እንኳ ጠዋት ባዶውን ቀረ። ኖሪን በአጥሩ በኩል ስጠይቃት «ይበላል፣ ይተኛል፣ አያወራም» አለች። «ከተጋባን ጀምሮ የተመኘሁት ነበር፤ አሁን ሲመጣ አልወደድኩትም።» ሮይማታ ዕቃዋን መሸከፍ ጀመረች። ጥፋቱ የእሷ ነው፤ ያቺ ትሁንልዎ ብላ የቀለደችው እሷ ናት። በመንደሩ ፊት የተሞኘ ሽማግሌ ተነሥቶ ያድነኛል ብላ አልጠበቀችም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

የስብሰባው ዕለት አዳራሹ ሞላ። እንደ ወጉ እያንዳንዱ ከቤቱ ምግብ ይዞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደርድሯል፤ ኮሮ ሄናሬ በጸሎት ከፈተ፤ የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ወይዘሮ ግሌንዳ መዶሻዋን አስቀመጠች። መጀመሪያ የተነሣው ባሪ ነው። ለካ ሚስጥሩ ከወጣ በኋላ ኖሪን ኬኩን አቁማለች፤ የባሪ አፍም በዚያው ተከፍቷል።

«የሕዝብ ገንዘብ ለሲሚንቶ ወፍ ይውጣ ነው የምትሉን?» አለ። «ሌስተርን ጠይቁት። በጋውን ሙሉ እንደምን አደርሽ ሲላት ነው የከረመው። ዓሣም አብልቷታል።»

አዳራሹ ሳቀ። ደግ ሳቅ ነበር፣ ቢሆንም ሳቅ ነው። ሮይማታ ራሷን ደፋች። ሌስተር ከኋላ ወንበር ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ለስብሰባው ክብር ረጅም ሱሪ ለብሷል፤ ብዙዎቻችን እግሩን ተሸፍኖ ስናየው የመጀመሪያችን ነው።

«ባሪ እውነቱን ነው» አለ። «ተሞኝቻለሁ። ሳቁ። አዳራሹም በእኔ ገንዘብ ነው የተሠራው፣ እንደ ልባችሁ ሳቁበት።»

ጠበቀን። ስንጨርስ ቀጠለ።

«አርባ ዓመት የሕዝብ ገንዘብ የት እንደሚገባ ስከታተል ኖሬአለሁ። ወንዙ ጥሎት የሄደ ድልድይ አይቻለሁ። ማንም የማይዞርበት አደባባይ አይቻለሁ፤ አንተ ባሪ ብቻ ነህ የዞርክበት፣ እሱም ሰክረህ። አርባ ዓመት የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ በሰዓቱ የሚገባ፣ ዝናብ መጣ ብሎ የማይነሣ፣ ለሻይ የማይወጣ፣ ደመወዝ ጨምሩልኝ የማይል ሠራተኛ። አገኘሁ። ሲሚንቶ ሆነች፣ ምን ላድርግ።»

የጡረተኞቹ ረድፍ ራሱን ነቀነቀ።

«ሥራዋ ምን ነበር? እዚህ ወገን አለሽ፣ ነይ ተቀመጪ ማለት ነው። አንዲት ወፍ አመነቻት። አንድ ሽማግሌም አመናት። ወፏ እንቁላል ጣለች፣ ሽማግሌው ውሻ አባረረ። ሁለታችንም ደመወዝ አልጠየቅንም። እስቲ በዚህ ወረዳ እንዲህ አድርጎ የሠራ ገንዘብ አሳዩኝ።» ዘወር ብሎ ሰዉን አየ። «እኔ ሌላውን ሁሉ ብሎን አጥብቄ የመጨረሻውን ትቼ በል ንዳ ያልኩት ሰው እዚህ አለ? ካለ ይነሣ።»

ማንም አልተነሣም። የግማሹን አዳራሽ ጎማ ያሰረው እሱ ነው።

«ይኼም ሥራ ገና ብሎን ይቀረዋል። ዛሬ ብታቆሙ እስከ ዛሬ የከፈልኩት ሁሉ ባሕር ገባ ማለት ነው። የእኔን ገንዘብ ባሕር የሚጥል ሰው ካለ መልኩን ልየው።»

ወይዘሮ ግሌንዳ መነጽሯን ዝቅ አደረገች። «ታዲያ አቶ ፔንጌሊ፣ ገንዘቡ ይመደብ ነው የሚሉት?»

ሌስተር አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። ቃሉ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ሲይዘው ከተቀመጥኩበት አየሁ። ኖሪን ከጎኑ ሆና ሱሪውን ጎተት አደረገችው።

«ይከፈል» አለ። «አሁን እጅ አውጡና እንብላ፤ ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው። እሱንም እኔ ነኝ የከፈልኩት።»

ተከፈለ። የምክር ቤቱ ሰዎች የጡረተኞቹን ረድፍ አዩና አንድ በአንድ እጃቸውን አወጡ። ሮይማታ ከነእንባዋ መጥታ ስታቅፈው ሌስተር ሁለት እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ ቀለሙ ያልደረቀ አጥር የነካ ሰው መስሎ ቆመ። «በይ፣ በይ፣ በሥራ ሰዓት» አላት፤ የሥራ ሰዓት ግን ካለፈ ቆይቷል።

በማግሥቱ ወንበሩ ተመለሰ። ከጎኑ ሁለተኛ ወንበር ተዘርግቶ ነበር፤ ለማን እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም፣ ሄጄ ተቀመጥኩ። ጫጩቱ በጎማው ላይ ተፈለፈለ፤ እግር ያወጣ የጥጥ ድብልብል ነው። እናቱ ትናንሽ ዓሣ ስታመላልስለት ሌስተር እየቆጠረ «ይኼም በእኔ ገንዘብ» ይላል። ጠዋት ግን መጀመሪያ እንደምን አደርሽ የሚለው ያችኑ ሲሚንቶዋን ነው። ባልደረባ ናት፣ አይቀየማትም።

በጋው ሲያልቅ ጫጩቱ መብረር ተማረ። መጀመሪያ ወደቀ፣ ከዚያ ዘለለ፣ ከዚያ አንድ ጠዋት ገመዱን፣ ወንበሮቻችንን፣ የሮይማታን ባርኔጣ አልፎ በባሕረ ሰላጤው ላይ ነጎደ። ሌስተር መነጽሩን አንሥቶ እስኪጠፋ ተከተለው።

«ወደ ፓካሩ ነው የሄደው» አለ። ፓካሩ ከማዶ ያለው የጎረቤት ወረዳ ነው። «በእኔ ገንዘብ አድጎ የሰው ወረዳ ዓሣ ሊበላ።»

መነጽሩን ሲያወርድ ዓይኑ እርጥብ ነበር። አየሁት። «ሞራው ነው» አለኝ ሳልጠይቀው።

ከዚያ ወንበሩን አጠፈ።

«የፓካሩ ሰዎች ገመድ ዘርግተዋል?»

«አላውቅም።»

«ውሻስ ያስራሉ?»

«ሌስተር፣ እኔ ምን አውቄ።»

«አየህ፣ ማንም አይቆጣጠራቸውም። በል ተነሣ፤ ነዳጁን እንካፈላለን።»

ይህ ሰው በሬን ሲያንኳኳ ለዓመታት መጋረጃ ጀርባ እየተደበቅሁ የኖርኩ ነኝ። እሱ ዝም ባለባቸው በእነዚያ ሁለት ቀናት ግን መንደራችን መንደር አልመሰለኝም፤ የሚወቅሰን ሰው ሲጠፋ የሚያየን ሰው የጠፋ መሰለኝ። እወደዋለሁ፤ ይኸው ጻፍኩት፤ ይህ የሚወጣበትን ጋዜጣ የሚገዛው በገንዘቡ ስለሆነ ማንበቡ አይቀርም።

ቴርሞሱን ያዝኩ፤ ሁለቱንም ወንበሮች መኪና ውስጥ ጫንኩ። መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ቆምን። ሌስተር ኪሶቹን ሁሉ ዳበሰ፤ ቦርሳውን ቤት ረስቷል። እናም ዋይሁሩ የምትኖሩ ሁሉ እወቁልኝ፦ ያን ቀን እስከ ፓካሩ፣ ደርሶ መልስ፣ ነዳጁን ማን ከፈለው? እኔ ነኝ የከፈልኩት።